የካርቶን ስልክ የሚሠሩት መምህር

የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ቶሎ አላነሳም። በእኛ አገር በእነዚህ ዓመታት የማይታወቅ ቁጥር ደግ ወሬ ይዞ የመጣበትን ቀን አላስታውስም። ያን ዕለትም ንፋስ መውጫ ላይ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ፤ ዝም አልኩት። ደግሞ ጠራ። አነሳሁት። የጋሽ ይርዳው ታናሽ እህት ነበረች፣ ከመካነ ኢየሱስ።

«አስቴር ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት።

«ይርዳው ዐረፈ» አለች፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ልቅሶዋን ብቻ ነው። ባጃጁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደመለስኩለት አላውቅም፤ ብቻ ትቶኝ ሄደ።

ጋሽ ይርዳው የእስቴ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕፃናትን ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው በጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ረጅምና ቀጭን፣ ሲራመዱ ወደ ፊት ጎንበስ የሚሉ፣ ካፖርታቸውን በፀሐይም የማያወልቁ ሰው። የተገናኘነው አንድ ድርጅት በላይና በታች ጋይንት ገጠር ለሚኖሩ አረጋውያን የስልክ አጠቃቀም የሚያስተምር ሰው ሲፈልግ ነው። እኔ የኮምፒውተር አስተማሪ ስለሆንኩ ለስልኩ ጉዳይ ተቀጠርኩ። እርሳቸውን ደግሞ አዛውንቶቹን እንዲያግባቡልኝ ጨመሩልኝ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩባቸው ነገር ፈሪነታቸው ነው። ይህን ስል እያማኋቸው አይደለም፤ ራሳቸው ለሰው ሁሉ የሚናገሩት ነው። ውሻ ይፈራሉ። ወንዝ ይፈራሉ። ሚኒባስ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጡም። ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይሉ ባሉበት መሬት ላይ ዝርግፍ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሲያበቃ ተነሥተው ካፖርታቸውን ያራግፉና ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የመጀመሪያው ሥልጠናችን ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲህ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ በገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ውስጥ ነበር። እኔ ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። የስልክን ክፍሎች በየስማቸው በትልልቅ ሥዕል አሠርቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ ሁሉም አወራሁ። ሽማግሌዎቹ በትሕትና አዳመጡኝ። ስልካቸውን ግን ከሻሽና ከፌስታል ውስጥ አላወጡትም። በማግስቱ አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ጋሽ ይርዳው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ወደ ፊት መጡና የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ይህን ነገር ስትነኩት ምን ይሆንብናል ብላችሁ ነው የምትፈሩት ብለው ጠየቁ። እርሳቸው ከራሳቸው ጀመሩ፤ እኔ ሳላውቅ ለማይሆን ሰው ደውዬ እሰደባለሁ ብዬ ነው የምፈራው አሉ። ሳቁ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ፣ የልጄ ፎቶ እዚህ ውስጥ ነው፣ በስሕተት አጠፋዋለሁ ብዬ ነው አሉ። ሌላው ይፈነዳል ሲባል ሰምቻለሁ አሉ። አንዱ ደግሞ፣ የምናገረውን ሌላ ሰው ይሰማብኛል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔን ሥልጠና አፍርሰው በራሳቸው መንገድ ሠሩት። ከሱቅ የተጣለ ካርቶን ይለቅሙና በስልክ ቅርጽ ይቆርጡታል፤ አንዱን ጎን አረንጓዴ፣ ሌላውን ቀይ ይቀቡታል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የካርቶን ስልክ ይሰጣሉ። ይኼ አይሰበርም፣ አይፈነዳም፣ ማንም አይሰማበትም፤ እንደልባችሁ ነካኩት ይላሉ። ግማሹን ሰው ውጭ ያስወጡና በሩን ይዘጋሉ። ውጭ ያለው «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ውስጥ ያለው አረንጓዴውን ነክቶ «ደጆች!» ይላል። እነዚያ ትላንት የተኮሳተሩ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ እየተጯጯሁ ሲጫወቱ የቀበሌው ሰው በመስኮት ያያቸው ነበር። ሰው በዛልን።

ወደ እውነተኛው ስልክ ሲሻገሩም በቀን ከአንድ ነገር በላይ አያስተምሩም። የለፋ ጣት መስታወቱን ሲነካው ስልኩ አይሰማም፤ ቆዳው ደርቋል። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስጨነቅ እርሳቸው ሁሉንም ጣት ሲያስሞክሩ ቆይተው የትንሿ ጣት ጎን እንደሚሠራ አገኙ። ስልክ ሲጠራ መስታወቱ ላይ የሚመጣውን የእያንዳንዱን ደዋይ ፎቶ እንደገና አስነሡኝ፤ ሰዉ እየሳቀ እንዲሆን። ማንበብ የማይችል ሰው ማን እንደጠራው ብቻ ሳይሆን በምን ፊት እንደጠራው ይይ አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይከለክሉኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ሲያቅተው ቸኩዬ ስልኩን ከእጁ ስቀበል፣ «እጅሽን ወደ ኋላሽ አድርጊ፣ አስቱ» ይሉኛል። «ከእጁ ስትወስጂበት አትችልም ማለትሽ ነው። የፈራ ሰው ይኼን ለማመን ሁለት ጊዜ አይነገረውም።»

ከሠልጣኞቹ ሁሉ ያስቸገሩን አያ ውብነህ ናቸው። ዐረብ አገር ያለች ልጃቸው ጥሩ ስልክ ልካላቸዋለች። ድምፅ ቀርጾ መላክ በሁለተኛው ቀን ለመዱት፤ እንዲያውም ወደዱት። እየቀረጹ ለጋሽ ይርዳው ስለ ከብታቸው፣ ስለ ገብሳቸው፣ ስለ ጎረቤት ሁሉ ይልኩላቸው ነበር። ሲደወልላቸው ግን አያነሱም። ስልኩ በጠራ ቁጥር ጣታቸው ወደ ቀዩ ይሄዳል።

ምክንያቱን አንድ ቀን ነገሩን። ስልክ አንሥተው የሚያውቁት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ዕለት የበኩር ልጃቸውን ሞት ነገሯቸው። እርሻ መሐል ቆመው ነው የሰሙት። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ አጠገብ ሆኖ ነው፤ እርሳቸው ግን በሬዎቹ ብቻ ባሉበት ሰሙት። «የሚነግረኝ ካለ ቤቴ ድረስ ይምጣ» አሉ። ጋሽ ይርዳው አልተከራከሯቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ለምንም ለማይሆን ነገር፣ ዝናብ ዘነበ ወይ ለማለት ይደውሉላቸው ጀመር፤ ደግ ወሬም በስልክ እንደሚመጣ እንዲለምዱ ብለው። አያ ውብነህ ይዘጉታል። ጋሽ ይርዳው በሌላ ቀን ደግሞ ይደውላሉ።

ያ ነገር የደረሰብን ከጥምቀት በኋላ ነው። መኪና በዚያ መንገድ መሄድ አቁሞ ስለነበር ከወረድንበት ቦታ እስከ ቀበሌዋ በእግር ነበር የምንሄደው። መንገዱ ባዶ ነበር። እረኛ እንኳ የለም። ጋሽ ይርዳው ዛሬ ደስ አላለኝም፣ እንመለስ ይሆን አሉኝ። ሰዎቹ ይጠብቁናል ብዬ ገፋሁባቸው። ጥግ ስንታጠፍ ከድንጋይ ካብ ጀርባ የታጠቁ ሰዎች ወጡ።

እነማን እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም፤ ያን ጊዜም ለመጠየቅ የሚበቃ አንደበት አልነበረኝም። ልብሳቸው የተደባለቀ ነው። ቁሙ አሉን፤ ቆምን። ቦርሳችንን መሬት ላይ ዘረገፉት። የካርቶን ስልኮቹ ሲበተኑ አንደኛው አንሥቶ አገላበጠና ይኼ ምንድን ነው አለ። ጋሽ ይርዳው ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። እኔ መለስኩ፤ ለሽማግሌዎች ማስተማሪያ ነው አልኩ። ሰውዬው አላመነኝም። ለአለቃቸው ሰጠው።

አለቃው ጎልማሳ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ይህ ነገሩ ይበልጥ አስፈራኝ። ስልኮቻችንን እንድንከፍት አደረገ። የእኔን ቶሎ ተወው። የጋሽ ይርዳው ስልክ ውስጥ ግን የድምፅ መልእክቶቹን አገኘና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በተራ ያደምጥ ጀመር። በዚያ ጭር ያለ መንገድ ላይ የምናውቃቸው ሴትዮዎችና ሽማግሌዎች ድምፅ አንድ በአንድ ወጣ። ተሰማዎ ወይ መምህር፣ እኔ ነኝ፣ አሁን ለቀቅሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከታጠቁት አንዱ ፈገግ ሲል አየሁና ነፍሴ መለስ አለች። ቀጥሎ የመጣው የአያ ውብነህ ድምፅ ነበር።

«መምህር፣ ውብነህ ነኝ። ሰዎቹ በወንዙ በኩል መጥተዋል። ትልቁ ሰውዬ በበቅሎ ነው። እኛ ተዘጋጅተናል፤ ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን። ለማንም እንዳይናገሩ።»

አለቃው መልሶ አስደመጠው። ፈገግ ያለውም ሰው ፊቱ ጠቆረ።

«የትኞቹ ሰዎች ናቸው?» አለ ጋሽ ይርዳውን እያየ። «ማንን ነው የምትጨርሱት?»

እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ያን መልእክት ሰምቼው አላውቅም። ጋሽ ይርዳው እንደምንም ብለው የሽምግልና ነገር ነው፣ የልጅ ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ናቸው አሉ። ታዲያ ለማንም አትናገር ማለት ምንድን ነው አለ አለቃው። እርሱን አላውቅም አሉ። አንተ የማታውቀውን ነው ይዘህ የምትዞረው አላቸው። ሌላው መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

ያን ጊዜ ጋሽ ይርዳው ከአፋቸው ይወጣል ብዬ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። ራሳቸውን ደውሉና ጠይቋቸው አሉ። አያ ውብነህ ስልክ እንደማያነሱ እርሳቸውም እኔም እናውቃለን። ግን ሌላ የሚባል ነገርም አልነበረም።

እዚያ ቦታ ኔትወርክ የለም። ከላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ላይ እንጂ አይገኝም። ከፊትና ከኋላ ሆነው ይዘውን ወጡ። ነፋሱ ከባድ ነበር። ጋሽ ይርዳው ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ ሊያነሣቸው እጁን የዘረጋ አልነበረም፤ እኔም እንዳልጠጋቸው ተከልክያለሁ። ጫፉ ላይ ስንደርስ አለቃው ስልኩን መለሰላቸውና፣ ስለ እኛ አንዲት ቃል ብትወጣህ ታውቃለህ አላቸው። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አስደረገ።

ደወሉ። ጠራ። ጠራ። ተዘጋ።

አለቃው ለካ ተግባብታችኋል አለ። ይኼ ምልክታችሁ ነው፤ ብቻዬን ካልሆንኩ አታንሳ ብለኸዋል። እኔ ያን ጊዜ ያበቃልን መሰለኝ። እናቴ ታየችኝ። ጋሽ ይርዳው ግን፣ እኔ እንኳ በጭንቅ በምሰማው ድምፅ፣ ስለ አያ ውብነህ የበኩር ልጅ መርዶ ለሰውዬው ነገሩት፤ እርሻ መሐል ቆመው እንደሰሙት ነገሩት። ሰውዬው አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» አላቸው።

ይኼኛው ረጅም ጠራ። ይቋረጣል ስንል መጥራቱ ቆመ። ተነሥቷል። ወዲያ ማዶ ነፋስና የከብት ድምፅ ይሰማል፤ የሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ የሚናገር ግን የለም።

ጋሽ ይርዳው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የወጣው ድምፅ የአዳራሹ ድምፃቸው ነበር፤ ያው ቀስ ያለው፣ የማይቸኩለው።

«አያ ውብነህ፣ ይርዳው ነኝ። ደግ ነገር ነው፤ ምንም የለም። ወደ ጆሮዎ ያስጠጉት።»

ቆየ። «አለሁ» አሉ አያ ውብነህ።

«ጎበዝ። እንዲህ ነው። ያን ሰሞን በድምፅ ሲልኩልኝ፣ ሰዎቹ በወንዙ በኩል መጡ ብለውኝ ነበር። እነማን ነበሩ? ረሳሁት።»

«እንዴት ይረሱታል? የልጅ ልጄን የሚጠይቁት ሽማግሎች ናቸው እንጂ።»

ከዚያ በኋላ አያ ውብነህን የሚያቆማቸው ጠፋ። በበቅሎ የመጡት የልጁ አጎት ቄስ መሆናቸውን፣ በቅሎዋ ወንዙ ውስጥ አዳልጧት ቄሱ እስከ ወገባቸው መራሳቸውን፣ የእርሳቸውን ጋቢ ለብሰው ማደራቸውን፣ ጾሙ ሳይገባ ሠርጉን እንጨርስ ብለው ወጥረው እንደያዟቸው ተረኩ። ለማንም አይናገሩ ያሉት ሌላ ጠያቂ ቤተሰብ ስለነበረ እንዳይቀየሙ ነው። ከታጠቁት አንዱ ፊቱን አዙሮ ማዶውን ያይ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቃው አልሳቀም። እስከ መጨረሻው አደመጠ።

«ድምፅዎ ምነው?» አሉ አያ ውብነህ በመሐል። «ታመዋል እንዴ?»

«ነፋስ ነው። ከፍታ ላይ ነኝ።»

አለቃው በእጁ ዝጋው አለ። ጋሽ ይርዳው አልዘጉትም። የፈሪ ሰው ነገር አይገባኝም፤ በዚያ ሰዓት ስልኩን እንደያዙ፣ «አሁን አያ ውብነህ፣ እኔ አልዘጋውም፤ እርስዎ ቀዩን ይንኩት። በትንሿ ጣትዎ» አሉ። ጠበቅን። መሣሪያ የያዙትም ጠበቁ። ተዘጋ።

አለቃው ስልኩን ሳይቀበላቸው፣ «በዚህ መንገድ ዳግመኛ አይምጡ፣ አባት» አላቸው። ድምፆቹን ሁሉ አጥፏቸው አለ፤ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ቢያገኛቸው እንዲህ አይታገስም አለ። ጋሽ ይርዳው እያንዳንዱን አጠፉ።

ኮረብታውን ወርደን ከዓይናቸው ስንሰወር ጋሽ ይርዳው መንገዱ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ግማሹ ካፖርታቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ፣ «ለአያ ውብነህ እንዳትነግሪያቸው» አሉኝ። «በዚያ ጥሪ ነፍሳችንን በእጃቸው ይዘው እንደነበር ካወቁ ዳግመኛ አያነሱም።»

ወደዚያች ቀበሌ አልተመለስንም። ድርጅቱም ሥራውን አቆመ፤ ጋሽ ይርዳው መካነ ኢየሱስ እህታቸው ዘንድ ገቡ። ልባቸውን ያማቸው ጀመር። ኔትወርክ ሲኖር እደውልላቸው ነበር። ሌሊት እንደሚባንኑ፣ ነፋስ ሲነፍስ ያ ኮረብታ እንደሚታያቸው ነገሩኝ። ደስ የሚላቸው አንድ ወሬ ነበራቸው፤ አያ ውብነህ አሁን የሁሉንም ሰው ስልክ ያነሣሉ፣ ዐረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋርም እንደልብ ያወራሉ፣ አርብ አርብ ከገበያ ሲመለሱም ለራሳቸው ለጋሽ ይርዳው ይደውላሉ።

ለልቅሶ ስሄድ አያ ውብነህን ድንኳኑ ውስጥ አገኘኋቸው። በዚያ በሚያስፈራ መንገድ መኪና እየቀያየሩ መጥተዋል። አጠገባቸው ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ። ስለ ጋሽ ይርዳው ጥቂት ካወራን በኋላ፣ የእርሳቸውን ስልክ መጀመሪያ ያነሣሁ ዕለት ድምፃቸው አላማረኝም ነበር አሉኝ። አንቺ ያን ጊዜ ከእርሳቸው አትለዪም ነበር፤ ምን ሆነው ነው? እስካሁን ይከነክነኛል።

ልቅሶ ቤት ተቀምጬ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳቸው።

ሲሰሙኝ ቆዩ። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ፎቶው ነው። «ልዘጋው ነበር» አሉኝ። «ደግሞ ሲጠራ አየሁት፤ ፎቷቸው ይስቃል። መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ አይስቅም ብዬ አነሣሁት።» ከዚያ ፊታቸው እየተለወጠ ሄደ።

«ባላነሳውስ ኖሮ?»

አያ ውብነህ ከደረታቸው ኪስ ስልኩን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ብዙ አዩት።

«እስቲ ደውይልኝ» አሉ።

እዚያው ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፤ የእኔ ፎቶ እየሳቀ መጣ። ለቀስተኞቹ ዞር ብለው አዩን። የአያ ውብነህ ትንሿ ጣት መስታወቱ ላይ አረንጓዴውን አልፋ ሄደች። ቀዩን ነካችው።